ጀርባው «1932» ይላል

ክርክሩን ያስነሣው 20 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። የአንድ ትልቅ ከተማ እምብርት ይታይበታል፦ ሰፊ ጎዳና፣ የትራም ሐዲድ፣ ሲኒማ ቤት፣ ጥግ ይዘው የቆሙ መኪኖች። ጀርባው ላይ በእርሳስ «1932» ተጽፏል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለ ፎቶው፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰብሳቢ፣ ጥርጣሬ የላቸውም። «ያነሳው ሰው ራሱ ጽፎታል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል?»

የቤተ መዛግብት ባለሙያዋ አጉሊ መነጽሯን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። «ጋሼ፣ እነዚህን አጫጭር ምሰሶዎች ይዩአቸው። ሳንቲም የሚጎርሱ የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቆጣሪ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ የተተከለው በጁላይ 1935 ነው። በ1932 ከየት ይመጣል?»

«ሌላ ምሰሶ ቢሆንስ?»

«እሺ፣ ቆጣሪውን ይተዉት። መኪኖቹን እንይ።»

እዚህ ላይ አብሯቸው የነበረ አንድ ወጣት ጣልቃ ገባና አንዱን ማዕዘናም አሮጌ መኪና እያሳየ ጋሼን ደገፈ፤ የ1930ዎቹ መጀመሪያ ሞዴል ነው አለ። እሷ ግን አሮጌ መኪና ምንም አይመሰክርም ባይ ናት፤ መኪና አሥራ አምስት ዓመትም ሃያ ዓመትም መንገድ ላይ ይቆያል። የሚፈለገው ከሁሉም አዲሱ ነው። ከግራ ሦስተኛው መኪና ፓራፋንጎው ከበሩ ጋር ተዋህዶ ጎኑ አንድ ወጥ ሆኗል፤ አፍንጫው መሐል ደግሞ ጥይት የመሰለ ክብ ጌጥ አለ። የ1949 ሞዴል ፎርድ መልክ ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው በ1948 አጋማሽ። ፎቶው ከዚያ በፊት ሊነሳ አይችልም።

«ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የፊልሙ ስም ይነበባል፤ የወጣበትን ዓመት አይቶ መገላገል ነው» አለ ወጣቱ።

«ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልሆነ ብቻ ነው የሚነግርህ። አሮጌ ፊልም እየደጋገሙ የሚያሳዩ ሲኒማ ቤቶች ሞልተው ነበር።»

ጋሼ ግማሽ መንገድ ተመለሱ። «ይሁን፣ የተነሳው ያኔ ነው እንበል። የታተመውም ያኔ ነዋ!»

መብራት ጠፋና የአልትራቫዮሌት ባትሪ በራ። የወረቀቱ ጀርባ ሰማያዊ ቀላቅሎ ነጭ አበራ። ፋብሪካዎች ወረቀቱን ይበልጥ ለማንጣት የሚጨምሩት ኬሚካል ነው እንዲህ የሚያበራው፤ በፎቶ ወረቀት ላይ የተለመደው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነው። ባያበራ ኖሮ ግን ጋሼ አሸነፉ ማለት አልነበረም፤ ያለዚያ ኬሚካል የተሠሩ ወረቀቶች በኋላም ነበሩ። ፕላስቲክ የተለበጠ ቢሆን ደግሞ ዘመኑ ወደ 1960ዎቹ መጨረሻና ወደ 1970ዎቹ ይገፋ ነበር፤ ይህኛው ተራ ወረቀት ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶ ሁለት ዕድሜ አለው፦ የተነሳበትና የታተመበት። ጋሼን ያናደዳቸው ይህ ነው፤ የአሮጌ ኔጌቲቭ (ፎቶ የሚታተምበት ፊልም) አዲስ ኅትመት ሊሆን ይችላልና።

«ለማንኛውም ያኔ ከተማው ጸጥ ያለ ነበር» አሉ ወሬ ለመቀየር። «እዩት እስቲ፣ ሰው የለበትም።»

ይህኛው ክርክር ከመጀመሪያው ይጣፍጣል። ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ዳጌር በ1838 የፓሪስን ቡልቫር ዱ ታምፕል ጎዳና ሲያነሳ ብርሃን ማስገባቱ ደቂቃዎች ስለፈጀ፣ ሲተላለፉ የነበሩት ሠረገላዎችና መንገደኞች ሁሉ ከምስሉ ጠፍተዋል፤ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ ባለበት የቆመ ሰው ነው። ያ ጎዳና ግን ሰው የሚርመሰመስበት ነበር። ባለሙያዋ ይህን ካለች በኋላ፣ በጋሼ ፎቶ ላይ ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ለማሳየት የባንኩን ሰዓት ጠቆመች፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። የሕንፃዎቹም ጥላ ጎዳናውን ተሻግሯል። ማለዳ ነው። ሕንፃ የሚያነሱ ሰዎች ሕዝብ ሳይወጣ መድረስ ይወዳሉ።

ወጣቱ በዚህ መሐል ስልኩን አውጥቶ «ፕሮግራሙ በአንድ ደቂቃ ቀለም ይቀባዋል» አለ። ጋሼ ደስ አላቸው፤ እሷ ተቆጣች። ቀይና አረንጓዴ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በጥንቶቹ የመስታወት ፕሌቶች ላይማ ቀይ ጥቁር፣ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ፕሮግራሙ የትራሙን ቀለም አያውቅም፤ ይገምታል። ወጣቱም «ሰው ቀለም ሲያይ ነው ቆም ብሎ የሚያየው» አለና አልተበገረም።

እኔን ብትጠይቁኝ በዘመኑ ጉዳይ እሷ ትክክል ናት፤ በቀለሙ ጉዳይ ግን ቁጣዋ በዛ። የተቀባው ቅጂ «ቀለሙ ግምት ነው» የሚል ጽሑፍ ይዞ፣ ያልተቀባውም ከጎኑ ከተቀመጠ ማንንም አይጎዳም። ይልቅ ሦስቱም የዘለሉት ነገር አለ፤ ፎቶው በትክክል አልተቀዳም። በስልክ ማንሳት ቅጂ አይደለም። አቧራው በጨርቅ ሳይታሽ በጎማ ንፊያ ይነሳ፤ ከዚያ ስካነር ላይ በ600 ፒክስል በኢንች፣ በ16 ቢት ግራጫ (የግራጫ ደረጃዎችን በብዛት በሚለየው)፣ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ይቀዳ። ወደ 4,700 በ5,900 ፒክስል ይሆናል፤ ፋይሉም 56 ሜጋባይት ገደማ። ሹል የሚያደርገው ማስተካከያ ይጥፋ፤ ካልጠፋ የወረቀቱ ቅንጣት ዝርዝር መስሎ ይወጣና የሲኒማ ቤቱን ፊደላት ያበላሻል። ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ መላቀቅ የለበትም ነበር፤ ምስሉን የያዘው ጄላቲን ተገንጥሎ መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ ከነመስታወቱ መቅዳት ይሻላል። ኔጌቲቩ ከተገኘ ደግሞ አቧራን በኢንፍራሬድ የሚያጠፋው አማራጭ ይዘጋ፤ የጥቁርና ነጭ ፊልም ብር ኢንፍራሬዱን ስለሚጋርድ ስካነሩ ምስሉን ራሱን እንደ አቧራ ይቆጥረዋል።

የዘመኑ ጽሑፍ «ከ1948 አጋማሽ በኋላ» ይበል። እስከ መቼ ድረስ ሊነሳ እንደሚችል የሚገድበው ሐዲዱ ነው፤ በዚያ ጎዳና ትራም የቆመበትና ሐዲዱ የተነሳበት ዓመት ከከተማው መዝገብ ይፈለግ። የእርሳሱን «1932» ግን ጋሼ እንዳይፈቁት። ቀንና ወር የሌለው እንዲህ ያለ አኃዝ የኔጌቲቭ መዝገብ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ደግሞ የት ሣጥን ውስጥ መፈለግ እንዳለበት የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።