ቮየጀር «ሲስተም የለም» አትልም

በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ጎጃሜ ይኖራል ብዬ አላምንም። ገንዘብ ሊያወጣ ከቢቸና የመጣ ገበሬም፣ የትምህርት ማስረጃውን ሊወስድ ከሞጣ የተጓዘ ተመራቂም ይህችን መልስ ተቀብሎ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ አይቻለሁ። እኔ የምሠራው ከመስኮቱ በስተኋላ፣ የተቋሙን ዳታና አገልግሎት የያዙት ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ሰርቨሮቹ፣ ባሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ተቋም የሲስተም አድሚኒስትሬተር ስለሆንሁ፣ መልሷ በተነገረች ቁጥር የምትወቅሰው እኔን ይመስለኛል። ለዓመታት መከላከያዬ «መብራት ጠፍቶ ነው» ወይም «ፋይበሩ ተቆርጦ ነው» የሚል ነበር፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ እውነት ናቸው። ሆኖም የመብራት መጥፋትና የመስመር መቋረጥ እንደ ክረምት የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ፣ መስመሩ ሁልጊዜ እንዳለ ቆጥሮ አገልግሎት የዘረጋ ባለሙያ ጥፋቱን ሁሉ በመብራት ላይ ሊያላክክ አይገባውም። ይህን እንድቀበል ያስገደደኝ የትርፍ ጊዜ ንባቤ ነው። ስለ ጠፈር መንኮራኩሮች ባነበብሁ ቁጥር፣ የእኛ የሰርቨር ክፍል አሠሪዎቹ እንደ ምሳሌ ከሚያዩት የአሜሪካ ዳታ ማዕከል ይልቅ ከመንኮራኩር ጋር የሚመሳሰል ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ኃይሉ ውስን ነው፣ ግንኙነቱ ይቆራረጣል፣ መለዋወጫውም ሩቅ ነው።

የናሳ የጠፈር መንኮራኩር ቮየጀር 1 የመጠቀችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ትርጉም የሌለው ዳታ መላክ ጀመረች፤ የሬዲዮ ሞገዱ ይደርሳል፣ በውስጡ ግን የሚነበብ ነገር የለም። በወቅቱ ከምድር ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ስለነበር፣ በብርሃን ፍጥነት የሚጓዝ ትእዛዝ እርሷ ዘንድ ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ለመልሱም ያንኑ ያህል። አንዲት ጥያቄ ጠይቆ መልሷን ለማግኘት ሁለት ቀን ገደማ መጠበቅ ነበረባቸው ማለት ነው። የናሳ ኢንጂነሮች በዚህ አኳኋን ወራት ከለፉ በኋላ፣ ዳታውን አሰናድቶ ከሚልከው ኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ 3 በመቶ የሚሆነው በአንድ ቺፕ ምክንያት መበላሸቱን ደረሱበት። በዚያ የነበረውን ኮድ እንዳለ የሚያሰፍሩበት ሰፊ ቦታ ስላልነበረ ቆራርጠው በየጥጋጥጉ ሸጎጡት፤ ቁራጮቹም እንዲፈላለጉ አድራሻቸውን አስተካከሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ስለ መንኮራኩሯ ይዞታ የሚነበብ ዳታ መጣላቸው። በእርሷ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ማህደረ ትውስታ ሁሉ ተደምሮ 70 ኪሎ ባይት እንኳ አይሞላም፤ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ከዚያ እጅግ ትበልጣለች።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች የሚያደንቁት የጠጋኞቹን ብልሃት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን በእነዚያ አምስት ወራት መንኮራኩሯ አንቴናዋን ወደ ምድር እንዳቀናች ትእዛዝ እየተቀበለች መቆየቷ ነው። የሠሯት ሰዎች ግንኙነት እንደሚቋረጥ አስቀድመው አምነው ነበር። ለተወሰነ ጊዜ ትእዛዝ ካልሰማች፣ መቀበያዬ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ወደ መጠባበቂያው እንድትዞር አድርገዋታል። እህቷ ቮየጀር 2 እ.ኤ.አ. በ1978 ይኸው ደርሶባት፣ ዋናው መቀበያዋ ከዚያ ወዲህ ስለሞተ፣ እስከ ዛሬ የምትሰማው ጉድለት ባለበት በመጠባበቂያው ነው።

የቮየጀር 2 ሌላ ታሪክ ለእኛ ሙያ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የተላከላት ትእዛዝ በስሕተት አንቴናዋን ከምድር በ2 ዲግሪ አዞረባትና ግንኙነቱ ተቋረጠ። ራውተር (መስመሮችን የሚያገናኘውን መሣሪያ) በርቀት ሲያስተካክል በሩን በራሱ ላይ የዘጋ ሰው ይህን ድንጋጤ ያውቀዋል። እኔም አንድ ጊዜ ፍኖተ ሰላም በሚገኘው ቅርንጫፋችን ራውተር ላይ ማን እንዲገባ የምትወስን አንዲት የፋየርዎል መስመር ስጨምር የቆረጥሁት የራሴን መግቢያ ኖሯል፤ በማግሥቱ ማለዳ መናኸሪያ ሄጄ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ወደ ቮየጀር የሚሄድ አውቶቡስ የለም። ነገር ግን መንኮራኩሯ በዓመት ጥቂት ጊዜ አቅጣጫዋን ራሷ እንድታስተካክል የታዘዘች በመሆኗ፣ ማንም ምንም ባያደርግ ኦክቶበር 15 ቀን ፊቷን ወደ ምድር ትመልስ ነበር። ኢንጂነሮቹ ያን ቀን ሳይጠብቁ ከአውስትራሊያ፣ ከካንቤራ ጣቢያ በኃይለኛ ሞገድ ጮኸውላት ኦገስት 4 ቀን አገኟት። ከፍኖተ ሰላም ከተመለስሁ ወዲህ በርቀት ለውጥ የማደርገው፣ ራውተሩ በ10 ደቂቃ ውስጥ ማረጋገጫ ካላገኘ ወደ ቀድሞ ሁኔታው እንዲመለስ አስቀድሜ ካዘዝሁ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ራውተሮች ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ ከአንድ የአውቶቡስ ጉዞ በፊት የሚጠቀምበት ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

ስለ ሰዓት ትንሽ ሰፋ አድርጌ እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ ከሁሉ የባሰ ሌሊት ያሳደረኝ እርሱ ነውና። በአንድ ክረምት፣ መብረቅ ከወረደ በኋላ፣ ለሦስት ቀን መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካው ዩፒኤስ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ደከመ፤ የጄኔሬተሩም ነዳጅ በሁለተኛው ቀን አለቀ። መብራት ሲመጣ ሰርቨሮቹ ሁሉ ተነሡ፤ ነገር ግን አንድም ሠራተኛ በይለፍ ቃሉ መግባት አልቻለም። እስኪነጋ ስፈልግ አድሬ ያገኘሁት ምክንያት፣ የተጠቃሚዎችን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርቨር ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ መሞቷን ነው። ሰርቨሩ ሰዓቱን ረስቶ፣ ከዓመታት በፊት ባለ አንድ ቀን ላይ እንዳለ አምኖ ተነሥቷል። የማንነት ማረጋገጫው አሠራር ደግሞ በሁለት ማሽኖች ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካየ እንደ ማጭበርበር ቆጥሮ በሩን ይዘጋል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲያመጣ ታዝዞ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ግን ገና አልተመለሰም። በዚያ ሌሊት በግቢው ውስጥ የታመነ የጊዜ መዝገብ የነበረው የጥበቃው ደብተር ብቻ ነው። «ሌሊት 7 ሰዓት ከሩብ መብራት መጣ» ብሎ ጽፎ ነበርና፣ ስድስት ሰዓት ቀንሼ ሰርቨሮቹ ራሳቸው የሚይዙትን መዝገብ (ሎግ) ያመሳከርሁት በእርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ባትሪዎቹን ሁሉ ቀየርሁ፤ በጣሪያውም ላይ አንዲት ትንሽ የጂፒኤስ መቀበያ አስተከልሁ። ጂፒኤስን ብዙ ሰው የሚያውቀው መንገድ ሲመራ ነው፤ በመሠረቱ ግን የሰዓት አገልግሎት ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩት ሳተላይቶች እያንዳንዳቸው የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመው «አሁን ይህን ያህል ሰዓት ነው» እያሉ ያውጃሉ። መቀበያው የሞገዶቹን መዘግየት አነጻጽሮ ቦታውንም ሰዓቱንም ያሰላል። በዚያ ከፍታ ላይ የምድር ስበት ስለሚላላ፣ ፍጥነታቸው የሚያዘገየው ተቀንሶ እንኳ፣ ሰዓቶቹ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማሉ፤ ይህ ልዩነት ባይታረም ኖሮ ስሕተቱ በቀን ኪሎ ሜትሮችን ያክል ነበር። ይህ ሁሉ ለእኔ የሚደርሰኝ ያለ ወርኃዊ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት ነው። እርሱም ቢሆን እንከን አያጣም፤ የቆየው የጂፒኤስ ምልክት ሳምንታትን የሚቆጥረው እስከ 1,024 ብቻ ስለሆነ ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የመጨረሻው የሞላውም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ነው።

ከመቆጠር ጉዳይ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ይህን ቁጥር በ32 ቢት የሚይዙ አሮጌ ፕሮግራሞች ቦታው የሚሞላባቸው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ነው። ባሕረ ጥምቀቱ በሚባረክበት ማለዳ መሆኑ ነው። ተረኛው እኔ እንዳልሆን ከወዲሁ አመልክቻለሁ።

አሁን ወደ መስመሩ ልምጣ። ኢንተርኔት የቆመበት ቲሲፒ የተባለው ደንብ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ቶሎ እንደሚመለስ ይገምታል። ወደ ማርስ ግን ምልክት ለመሄድ ብቻ እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል፤ ፕላኔት መካከል ሲገባም ጭራሽ ይቋረጣል። ስለዚህ ከቦብ ካን ጋር ቲሲፒን የነደፈው ቪንት ሰርፍ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 ከናሳ ባለሙያዎች ጋር ሌላ ደንብ ወደ መፈለግ ገባ። በዚህ አዲስ ደንብ እያንዳንዱ ጣቢያ መልእክቱን ተቀብሎ በራሱ ጎታ ውስጥ ያኖራል፤ ቀጣዩ ጣቢያ ሲገኝም ያስረክባል። ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ዓባይ በክረምት ሲሞላ፣ ወደ ሸዋ የተላከ ደብዳቤ ወንዙ እስኪጎድል በደጀን በኩል በአደራ ይቀመጥ ነበር፤ መልእክተኛው መንገድ ተዘጋ ብሎ ደብዳቤውን አልቀደደም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይትም የምትሠራው እንዲሁ ነበር። ከአንድ የመሬት ጣቢያ አድማስ በላይ የምትታየው በአንድ ዙር ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፣ ፎቶውን አንሥታ ታኖራለች፤ ጣቢያው ሲታያት ታወርዳለች።

መንገደኛም ቢሆን የሚናቅ መስመር አይደለም። አንድ ቴራ ባይት ዳታ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት በሚያሳልፍ መስመር ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ለመላክ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ፣ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። በሃርድ ዲስክ አድርጌ በአውቶቡስ ብልከው፣ ጉዞው አምስት ሰዓት ቢወስድ፣ በሰከንድ ከ440 ሜጋ ቢት በላይ ፍጥነት ያገኘሁ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነውን የመጀመሪያውን የጥቁር ጉድጓድ ምስል ያዘጋጁት ሳይንቲስቶችም 5 ፔታ ባይት ገደማ የሚሆነውን ዳታቸውን ያጓጓዙት በዲስክ፣ በአውሮፕላን ነው፤ የደቡብ ዋልታው ድርሻ የአንታርክቲካ ክረምት እስኪያልፍ ለወራት ጠብቋል።

የእኛ ተቋማት የሚገዟቸው ሶፍትዌሮች ግን በአብዛኛው ስለ መጠበቅ የሚያውቁት ነገር የለም። የተማሪው ፋይል ከአንድ ግድግዳ ማዶ ባለ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሬጅስትራሩ ሊከፍተው ሲል ፈቃዱ የሚጠየቀው ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ፋይሉም ጠፋ ማለት ነው። በክልላችን ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በጠፋባቸው ጊዜያት ይህ ዓይነቱ አሠራር ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም አይተናል። የጨረታ ሰነዶቻችን ስለ ፕሮሰሰር ፍጥነትና ስለ ማህደረ ትውስታ መጠን ገጽ በገጽ ይዘረዝራሉ። «የውጭ መስመሩ ለ72 ሰዓት ቢቋረጥ አገልግሎቱ በምን መልክ ይቀጥላል?» የሚል ጥያቄ ግን በአንዱም ላይ አላነበብሁም። የእኔ ሐሳብ ይህ ጥያቄ ከፕሮሰሰሩ በፊት ይጻፍ ነው።

ባልደረቦቼ መፍትሔው የተሻለ መስመር ነው ይሉኛል፤ በተለይ በዝቅተኛ ምሕዋር የሚዞሩትን የኢንተርኔት ሳተላይቶች ይጠቅሳሉ። ልዩነቱ ትልቅ መሆኑን አልክድም። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰፋፊ ሳህን ተተክሎላቸው የነበሩት ሳተላይቶች የሚገኙት 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ መልስ ለመምጣት ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅ ነበር፤ በ550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካሉት ጋር ግን መዘግየቱ እምብዛም አይሰማም። ነገር ግን ከሰማይ የሚወርደው ኢንተርኔት ነው እንጂ መብራት አይደለም። ክላውድንም፣ ዳታን በኢንተርኔት ሩቅ ማዕከል ማኖርን፣ አልጠላም፤ ባክአፑን (የዳታውን መጠባበቂያ ቅጂ) ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ክፍል ያስቀመጠ ሰው መብረቅ ምን እንደሚያደርግ ይማራል፣ እኔ ሁለት ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች የሚገናኙበት መሣሪያ) ከፍዬ ተምሬያለሁ። የምቃወመው ሩቅ ያለውን ብቸኛ አድርጎ መያዝን ነው።

ባለፈው ጳጉሜን፣ ባለጉዳይ በማይበዛበት ቀን፣ አለቆቼን አስፈቅጄ የውጭውን ገመድ ራሴ ነቀልሁት። ሰዓቱ ከጣሪያው መቀበያ መጣ፤ መግቢያው በግቢው ሰርቨር ሠራ፤ ወደ ቅርንጫፎች መሄድ የነበረበት ዳታ በተራ ተሰልፎ ቆየ። ለስድስት ሰዓት ያህል ከመስኮቱ በስተውጭ የነበሩ ሰዎች ምንም አላወቁም። የቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማስረጃ ማተሚያው ሶፍትዌር በአራተኛው ሰዓት የፈቃድ ቁልፉን ከአምራቹ ሰርቨር ማረጋገጥ ስላልቻለ አልከፈትም አለ። ገመዱን መልሼ ሰክቼ ለአቅራቢው ድርጅት የችግሩን ዝርዝር በሁለት ገጽ ጻፍሁለት። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፦ «እባክዎ የኢንተርኔት ግንኙነትዎ መኖሩን ያረጋግጡ።»