በእግር መሄድ የደሃ ነው ያለን ማን ነው?

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። ቅር አይበላችሁ፤ ዱላው መጀመሪያ የሚያርፈው እኔው ጀርባ ላይ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ በአራት ኪሎ በኩል አልፍ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ጫፉ አይታይም። መሃል ላይ አንድ የድሮ ባልደረባዬን አየሁት። "ና በእግር እንሂድ፣ እየተጫወትን እንደርሳለን" አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምነው፣ ሳንቲም አጠረህ እንዴ? ቁም፣ እኔ እከፍልልሃለሁ" አለኝ።

ከልቡ ነው። አዝኖልኝ ነው። አመስግኜው መንገዴን ቀጠልኩ። ቁልቁል እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ፒያሳ። ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። ደርሼ ዳቦ ገዛሁ። አንድ ማኪያቶም ቆሜ ጠጣሁ። ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ ባልደረባዬ ከታክሲ ሲወርድ አየሁት፤ ኮቱ ተጨማድዶ፣ ፊቱ ከኮቱ ብሶ።

እኔን ያናደደኝ ሰልፉ አይደለም። "እከፍልልሃለሁ" የምትለዋ ቃል ናት። በእግር የሚሄድን ሰው ስናይ የሚመጣልን ሐሳብ አንድ ብቻ ሆኗል፤ የለውም። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ሰው ቤት ስንጋበዝ "በምን መጣችሁ?" እንባላለን። "በእግሬ" የምንለው አንገታችንን ሰበር አድርገን ነው፤ ያውም "ቅርብ ስለሆነ" የሚል ማስተባበያ ጨምረን። የየመሥሪያ ቤቱን ጥበቃ ደግሞ እዩት። መኪና ሲመጣ ማን እንዳለበት እንኳ ሳያይ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። እግረኛ ሲመጣ "ወዴት ነው? ማንን ፈልገህ ነው?" ይላል። ጥበቃውን አትውቀሱት። የሁላችንን ልብ ነው የሚሠራበት።

እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ከቤቴ እስከ ዋናው አስፋልት 10 ደቂቃ አይወስድም፤ በባጃጅ ነበር የምወጣው። ባጃጅ ከጠፋ እጠብቃለሁ እንጂ አልራመድም። ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በሊፍት። ሊፍቱ ከተበላሸ ቀኑን ሙሉ ሳማርር እውላለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ለሌላ ጉዳይ ደም ስመረመር ስኳርህ ድንበር ላይ ነው ተባልኩ። ሐኪሟ "በቀን ስንት ሰዓት መቀመጫ ላይ ነህ?" ብላ ጠየቀችኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ታክሲው፣ ቢሮው፣ ምሳው፣ ቢሮው፣ ታክሲው፣ ቴሌቪዥኑ። አልጋውን ሳልጨምር 13 ሰዓት ሆነ።

መድኃኒት ትጽፍልኛለች ብዬ ወረቀቱን ስጠብቅ "በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለህ ተራመድ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ" አለችኝ። እውነቱን ልናገር? የተታለልኩ መሰለኝ። ለካርድ ከፍዬ፣ ለላቦራቶሪ ከፍዬ፣ ተራመድ ለመባል! እኛ እኮ ከሐኪም ቤት ቢያንስ አንድ ብልቃጥ ይዘን ካልወጣን የታከምን አይመስለንም። መርፌ ከሆነማ የበለጠ ደስ ይለናል። ነጻ የሆነ መድኃኒት ንቀን ነው የምናልፈው።

ቢሆንም ፈርቼ ጀመርኩ። ከፍርሃት የተሻለ አሠልጣኝ የለም።

አሁን እግር ሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ትንሽ ልንገራችሁ። ምሳ በላን እንበል። እንጀራው ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና ደም ውስጥ ይገባል። ትልልቆቹ ጡንቻዎቻችን ያሉት ጭናችንና መቀመጫችን ላይ ነው። ሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ያንን ስኳር እንደ ነዳጅ ስቦ ያቃጥለዋል። ተጣጥፎ የተቀመጠ ጡንቻ ግን አይጠይቅም፤ ስኳሩም ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ መራመድ ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ባታችን ደግሞ ፓምፕ ነው። በተራመድን ቁጥር እየተኮማተረ እግር ላይ የወረደውን ደም ሽቅብ ወደ ልብ ይገፋዋል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ማታ ጫማ ስናወልቅ የካልሲው ላስቲክ ምልክት ቁርጭምጭሚታችን ላይ ተቀርፆ የሚታየው አንዱ ምክንያት ፓምፑ ሥራ ፈቶ ስለዋለ ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ይህችን በጣም እወዳታለሁ። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በለንደን የአውቶቡስ ሠራተኞችን አጠና። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። አውቶቡሶቹ ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱም አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ መስመር፣ አንድ ዓይነት ኑሮ። የልብ በሽታ ግን ከትኬት ቆራጩ ይልቅ ሾፌሩን አብዝቶ ያጠቃ ነበር። በእኛ ቋንቋ ስንመልሰው፣ ወያላው ከሾፌሩ የተሻለ ልብ ነበረው ማለት ነው። ጂም የለ፣ አሠልጣኝ የለ፤ ሥራው ራሱ ነው ያዳነው። ሞሪስም ይህንን አውቆ ዝም አላለም፤ ራሱ እንቅስቃሴ እያዘወተረ 99 ዓመት ኖረ።

"በቀን 10 ሺህ እርምጃ" ስትባሉ ደንግጣችሁ የተቀመጣችሁም አትደንግጡ። ቁጥሩ ከሐኪም ቤት አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ "ማንፖ ኬይ" ብሎ ለገበያ ያቀረበው እርምጃ ቆጣሪ ስም ነው፤ ትርጉሙ "የ10 ሺህ እርምጃ መቁጠሪያ" ማለት ነው። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ባለፈ በዓመቱ መሆኑ ነው። ያ ኦሊምፒክ የእኛው አበበ ቢቂላ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶን ያሸነፈበት ነው። ከዚያ በታች የሚራመድ ሰውም ብዙ እንደሚጠቀም በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከምናጠፋው ያነሰ ነው።

አበበን ካነሳሁ አይቀር፣ የዚህ አገር ሰው እግርን በተመለከተ አፍ እንጂ ሌላ ነገር የለውም። አበበ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ ብለን ደረታችንን እንነፋለን፤ እኛ ግን ጫማ አድርገን አንድ ፌርማታ አንሄድም። ለታላቁ ሩጫ ቲሸርት እንጋፋለን። 10 ኪሎ ሜትሩን እየጨፈርን፣ ፎቶ እየተነሳን እንጨርሳለን። ደስ ይላል፣ አልከፋም። ሰኞ ጠዋት ግን ቲሸርቱ ፒጃማ ይሆናል፤ እኛም ወደ ሰልፋችን። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ "መንገድ ለሰው" ተብሎ መንገድ ለመኪና ሲዘጋ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ስንዘል ውለን ወደ ቤት የምንመለሰው በምንድን ነው? በራይድ።

ጂም የምትሄዱትን አልተዋችሁም። ጎረቤቴ 5 ደቂቃ የማይርቅ ጂም በመኪናው ይሄዳል። ማቆሚያ ፍለጋ 10 ደቂቃ ይዞራል። ከዚያ መሮጫ ማሽኑ ላይ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት በመስታወት ውጭ የሚያልፉ እግረኞችን እያየ ይራመዳል። ለዚህ በየወሩ ይከፍላል። እግረኞቹ ሽቅብ እያዩት ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ለመሆኑ የዚህ ከተማ ጎበዝ ተራማጆች እነማን ናቸው? ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በር ላይ ቁሙና እዩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን የሚወጡ እናቶች። ለሱብሂ ወደ መስጊድ የሚያመሩ አባቶች። 70 ያለፋቸው አሉ። ሰዓት ላይ የሚቆጥር መሣሪያ አላሰሩም። ዳገቱን ሳያርፉ ነው የሚወጡት። ልጆቻቸው፣ ማለትም እኛ፣ ያንኑ ዳገት ብንወጣ ግማሽ ላይ ወገባችንን ይዘን እንቆማለን።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ግን ከዚህ ወሬ አውጡልኝ። የእነሱ ጉዞ ስፖርት አይደለም፤ ሸክም ነው። ለእነሱ "መራመድ ጤና ነው" የሚል ሰው አፉን ቢዘጋ ይሻላል። እኔ የምቆጣው ምርጫ ያለንን ነው።

"መንገዱስ የት አለ?" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ድሮ ልክ ነበራችሁ። ክፍት ቱቦ ነበር፣ ክዳኑ የተሰረቀ ጉድጓድ ነበር፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር። ዳር ዳሩን አሁንም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን በኮሪደር ልማት ብዙ ቦታ የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፤ መብራት ተተክሎለታል። ስንቱ ነገር ፈርሶበት እንደተሠራ ሌላ ቀን እናወራለን። ከተሠራ በኋላ ግን ባዶውን ሲታይ ያሳዝናል። ሰዉ የት ሄደ? ሰፊው መንገድ አጠገብ፣ ሰልፍ ላይ።

እናንተ ደግሞ መኪናችሁን እግረኛ መንገድ ላይ የምታወጡ፣ አሸዋና ጠጠር በር ላይ ዘርግፋችሁ ወር የምታስቀምጡ! ሽማግሌው በእናንተ ምክንያት አስፋልት ላይ ይወርዳል፤ አውቶቡስ ይመጣበታል። ሴት ልጅ በምሽት ስትራመድ የምትለክፉ ጎረምሶችም አላችሁ። ስንቷ ናት በእናንተ የተነሳ ሁለት ፌርማታ ታክሲ የምትጠብቀው? ያላችሁት ቀልድ መስሏችኋል። ከእሷ የቀማችሁት ግን ጤናዋን ነው።

አሁን ምን ይደረግ ነው ጥያቄው? ብዙ አይደለም። ሁለት ፌርማታ ቀድማችሁ "ወራጅ አለ!" በሉ። ሦስት ፎቅ ድረስ ሊፍቱን እርሱት። ታኮ የምታደርጉ እህቶች ዝቅ ያለ ጫማ ቦርሳ ውስጥ ያዙ፤ ታኮውን ቢሮ በር ላይ ቀይሩ። ስልክ እያዩ መንፏቀቅ ግን አይቆጠርም። ልኩ እንዲህ ነው፤ እየተራመዳችሁ ማውራት ትችላላችሁ፣ ዝፈኑ ብትባሉ ግን ትንፋሽ ያጥራችኋል። እግራችሁ ካልለመደ በ10 ደቂቃ ጀምሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? እንቁላሉ በእግሩ እየሄደ እኛ በባጃጅ!

ስኳር ያለባችሁ ያለ ካልሲና ያለ ልክ ጫማ እንዳትወጡ፤ ማታ ማታ የውስጥ እግራችሁን እዩ፣ ቁስል ሳይሰማችሁ ሊፈጠር ይችላል። ስትራመዱ ደረታችሁን የሚጨመድዳችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ተዉትና መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። ማለዳ የምትችሉ ማለዳውን ያዙ። የአሮጌ መኪና ጭስ ሳይጀምር የአዲስ አበባ አየር ሌላ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ ከለገሃር ቸርችል ጎዳናን ይዞ እስከ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ መውጣት የትኛውም ማሽን የማይሰጠው ነው። በነገራችን ላይ እኔ ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ ስኳሬ ወርዶ ነበር። ሐኪሟ አሁንም ወረቀት አልሰጠችኝም።

ያ ባልደረባዬ ሐሙስ ደወለ። "ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የምታልፈው?" አለ። 12 ሰዓት አልኩት። መጣ፤ ሾጣጣ የቆዳ ጫማውን አድርጎ። ራስ መኮንን ድልድይ ስንደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። የድልድዩን ብረት ተደግፎ ትንሽ ቆመ። ታክሲዎቹ ሞልተው አጠገባችን ተደርድረዋል፤ አይንቀሳቀሱም። ቀና ብሎ አያቸውና ክንዴን ያዘኝ።

"ስማ" አለኝ፣ "በዚያኛው ጠርዝ ብንሄድስ? እዚህ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም።"