እጃቸው ይባረክ፣ የዉድባይን ባለውለታዎች

ቶሮንቶ ውስጥ እንደ ዉድባይን የሐይቅ ዳርቻ በእንግዳ የታደለ ቦታ የለም። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፤ ሁሉም ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይበልጥ ሊመሰገኑ የሚገባቸው የጥር ጎብኚዎች ናቸው። በሙቀቱ ጊዜማ ማንም ይጥላል። ከኦንታሪዮ ሐይቅ የሚነሳው ንፋስ ጆሮ ሲቆርጥ፣ መኪና ውስጥ ማሞቂያ አብርቶ እየተዝናኑ፣ ያቺን ሙቀት ሠውቶ መስኮት ከፍቶ የቡና ኩባያ መወርወር ግን ወኔ ይጠይቃል። መጣያው አሥር እርምጃ ላይ ነው? ይሁና! በዚህ ብርድ አሥር እርምጃ ማን ይራመዳል? ደግሞ በረዶው ገመና ሸፋኝ ነው። እስከ ሚያዝያ ድረስ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሲቀልጥ ነው ክዳኑን፣ ጠርሙሱን፣ የሲጋራውን ቁራጭ አንድ በአንድ የሚዘረግፈው። (የሲጋራው ፊልተርም ፕላስቲክ ነው፤ ጥጥ የሚመስላቸው የዋሆች አሉ።)

የዳንፎርዝ ጎዳና ሀበሾችም በበጋው ቅዳሜ ከማንም አናንስም። ጥብሱ ተበልቶ ምርቃቱ ካለቀ በኋላ፣ የፕላስቲክ ሳህኑና ፎይሉ ተሰብስቦ በፌስታል ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። አስተሳሰሩ ማለፊያ ነው! ከዚያ አፉ ድረስ ከሞላው በርሜል ጎን በክብር ይቀመጣል። ቀሪው የንፋሱና የወፎቹ ሥራ ነው።

መንግሥት ይህን በጎ አድራጎት ሊያደናቅፍ ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ፌስታል፣ ስትሮ፣ የፕላስቲክ ማንኪያና ሹካ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ደግነቱ የኩባያ ክዳንና የውኃ ጠርሙስ አልተነኩም። ፌስታሉንም ቢሆን ከየጓዳው ያስቀመጥነው ገና አላለቀም።

ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል። ኦንታሪዮ ማደሪያ እያለው የኛን ክዳን ይዞ ይዞራል። ክዳኑ በማዕበልና በበረዶ ተፈጭቶ ከ5 ሚሊሜትር ሲያንስ ደግሞ ማይክሮፕላስቲክ የሚል ማዕረግ ያገኛል። ከተማዋ የምትጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ሥራ የጀመረው የአር ሲ ሃሪስ የውኃ ማጣሪያም እዚያው ዳርቻ ላይ፣ ወደ ምሥራቅ ዘወር ብሎ ቆሟል። ማጣሪያው አብዛኛውን ይይዛል። ያመለጠችው ግን በቧንቧ ተጉዛ ጀበና ውስጥ ትገባለች።

እንግዲህ የጣለውን መልሶ የሚጠጣ ሰው እንዴት ቆሻሻ ጣይ ተብሎ ይታማል?