ኮምፖዚት ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል? የቴክኒሻኑና የመሐንዲሷ ክርክር

ነገሩ እንዲህ ነው። ከካርቦን ፋይበር (ከቀጫጭን የካርቦን ክሮች) እና ክሮቹን ከሚያጣብቀው ሙጫ መሰል ሬዚን፣ ንብርብር በንብርብር የሚሠራው ኮምፖዚት ከመሰበሩ በፊት ምልክት ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? አንደኛው ተከራካሪ ዕድሜውን በአውሮፕላን ጥገና የጨረሰ ነው። ሌላዋ የአውሮፕላን አካል የምትነድፍ ወጣት መሐንዲስ ናት።

ቴክኒሻኑ፦ እኔ የማምነው ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲመታ ጎድጎድ ይላል፤ አይተሽ ታውቂበታለሽ። ኮምፖዚት ግን ተንኮለኛ ነው። መፍቻ ከእጅ አምልጦ ክንፍ ላይ ቢወድቅ፣ ላዩ ላይ ጭረት እንኳ ላይታይ ይችላል። ውስጡ ንብርብሮቹ ተላቀዋል። እዚያ ቦታ ላይ ሲጫኑት እያንዳንዱ ንብርብር ለብቻው ይጎብጣል። ሲጣበቅ ጣውላ፣ ሲላቀቅ ወረቀት ነው። ቦይንግ 787 ደግሞ የክብደቱ ግማሽ ያህል ከዚህ ነገር የተሠራ ነው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ የነገሩን አኳኋን በትክክል ገልጸውታል። ፍርዱ ግን በዛ። ኮምፖዚት እኮ በአንዴ አይበጠስም። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ሬዚኑ ነው፤ ያውም ክሮቹ ለጭነቱ አግድም በተኙበት ንብርብር ውስጥ። ስንጥቁ ከሚቀጥለው ንብርብር ጋር ሲጋጠም ወደ ጎን ይዞርና ሁለቱን ያላቅቃቸዋል። አብዛኞቹ ክሮች የሚበጠሱት መጨረሻ ላይ ነው። በየደረጃው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ፤ አንዳንዱን መሣሪያ ብቻ ነው የሚሰማው። ያስጠነቅቃል፤ ለዓይን አይደለም እንጂ።

ቴክኒሻኑ፦ ድምፅ አልሽ? በ2023 ወደ ታይታኒክ ሲወርድ 5 ሰዎች ይዞ የተጨፈለቀው፣ አካሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራው ሰርጓጅ ታይታን የድምፅ መከታተያ ተገጥሞለት ነበር። ምን ፈየደ?

መሐንዲሷ፦ እሱማ የእኔ ምስክር ነው! በ2022 ከአንድ ጉዞ ወደ ላይ ሲወጣ ከባድ ድምፅ ተሰምቷል። ከዚያ በኋላ የመሣሪያዎቹ ንባብ ተለወጠ። ቁሱ ጮኸ፣ ሰሚ አጣ። ደግሞም ካርቦን ፋይበር ሲጎትቱት ነው ጀግና። ሲጫኑት ክሮቹን ቀጥ አድርጎ የሚይዛቸው ሬዚኑ ነው። አንዱ ክር ትንሽ ጠመም ብሎ ከተኛ ጎረቤቶቹን ይዞ ይታጠፋል። የባሕር ጥልቀት ደግሞ ከዙሪያ መጫን እንጂ ሌላ ምን አለው?

ቴክኒሻኑ፦ እሺ፣ ባሕሩን እንተወው። በ2001 ኒው ዮርክ ላይ ኤርባስ ኤ300 ጅራቱ ተገንጥሎ ወድቋል። ጅራቱ ኮምፖዚት ነበር።

መሐንዲሷ፦ ነበር። ምርመራው ግን ጥፋቱን ያገኘው ከመጠን ያለፈ የመሪ ፔዳል አረጋገጥ ላይ ነው። ጅራቱ የተሰበረው በአገልግሎት ዘመኑ ከሚጠበቀው ከፍተኛ ጭነት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ከተጠየቀው በላይ ተሸክሟል። የእርስዎ አሉሚኒየምስ? በ1988 የአሎሃ አየር መንገድ 737 ጣሪያው በአየር ላይ ተገነጠለ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። አንዲት ተሳፋሪ ስትገባ ስንጥቁን አይታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

ቴክኒሻኑ፦ አየሽ፣ አይታለች! ኮምፖዚት ቢሆን የምታየው አይኖራትም ነበር።

መሐንዲሷ፦ ለዚህ እኮ ነው ጉዳቱ አለ ብለን የምንነድፈው። ለፈተና የተዘጋጀውን ክፍል ሆን ብለን እንመታዋለን፤ በዓይን ለማየት እስኪያስቸግር ድረስ ብቻ። ከዚያ ሙሉውን ጭነት እንዲሸከም እናደርገዋለን። ካልቻለ ንድፉ አያልፍም።

ቴክኒሻኑ፦ ለመፍቻው ይሁንልሽ። ዕቃ የሚጭነው መኪና በሩ አጠገብ ገጭቶ ቢሄድስ? ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጥ ያለው ደጋፊ ተሰብሯል። ውስጡን በድምፅ ሞገድ የሚፈትሸውን አልትራሳውንድ የት እንደማስቀምጥ የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ፈርቶ ዝም ብሏል።

መሐንዲሷ፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም።