ተያዥ የጠፋለት ልጅ

የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ሲያልቅ አምስት ስድስት ሆነን ወደ እትዬ ጠላ ቤት ማምራት ልማዳችን ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው የኅዳርን ማታ ያውቀዋል፤ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ብርዱ ከመሬት ተነስቶ ጉልበት ላይ ይደርሳል። እትዬ ከሰሉን አቀጣጥለው ጠበቁን። ጣሳው ዞረ፣ ቆሎው ቀረበ፣ ወሬ ተጀመረ።

ወሬውን ያመጣው እንጨት ቤት ያለው ወዳጃችን ነው። ሠራተኛ አጥሮታል። ሰሞኑን አንድ ልጅ መጥቶ ሥራ ጠየቀው። መላጊያ ሰጥቶ ሞከረው፤ ወደደው። «በር ሲገጥም አንድ ሚሊ አይስትም» አለን። የት እንደተማረ ሲጠይቀው ልጁ ከኪሱ የታጠፈ የምስክር ወረቀት አወጣ። ማኅተሙ የማረሚያ ቤት ነው። ሙያ አለው ብሎ የሚመሰክርለት ወረቀት፣ ታስሮ ነበር ብሎም ይመሰክርበታል።

ልጁን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሰፈራችን ልጅ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የባለሱቋን ሱቅ በሌሊት ሰብሮ የገባው እሱ ነው። ባለሱቋ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ የእድራችን አባል ናት። 5 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። 3 ዓመት ከ4 ወር ታስሮ በአመክሮ ወጣ።

«ተያዥ አምጣ አልኩት» አለ ባለ እንጨት ቤቱ። «ይኸው 15 ቀኑ። አልመጣም።»

«ከየት ያመጣል?» አለ የአይሱዙ ሾፌሩ። «አባቱ የለ። አጎቱ እንደሆነ ስልኩን አያነሳለትም።»

እህል ነጋዴው ጣሳውን አስቀመጠ። እሱ ጣሳ ሲያስቀምጥ ነገር ሊናገር ነው። «አትልፉ» አለ። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ዛሬ መላጊያ ይይዝልሃል፤ ነገ መላጊያህን ይዞልህ ይሄዳል።»

ሳቅን። ይኼ ግን ለመንደርደሪያ ያህል ነው። ዋናው ቀጥሎ መጣ።

«ቆይ እኔ የማይገባኝ» አለ። «መንግሥት ከሦስት ዓመት በላይ ቀለበው። ሙያ አስተማረው። የኔ ልጅ የሰው እንጨት እንኳ ሳይነካ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ቁጭ ብሏል። ለሱ ማን ሙያ አስተማረው? ማን እንዲህ ተሰብስቦ ተሟገተለት? ሱቅ ይስበር እንዴ?»

አሁን የሳቀ የለም። ከመካከላችን ሥራ የፈታ ልጅ ቤቱ የሌለ ማን አለ?

ዝምታውን የሰበረው ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራው ወጣት ነው። በዕድሜ ትንሹ እሱ ነው። «ጋሼ፣ እንደሱ ሳይሆን…» ብሎ ጀመረ። አመክሮ ዝም ብሎ አይሰጥም አለ። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የታሰረ ሰው ጠባዩ መስተካከሉ ይታያል። ያደረሰውን ጉዳት እንደ አቅሙ መካሱም ይታያል። ከወጣ በኋላ ጥፋት ቢሠራ የቀረውን ተመልሶ ይታሰራል። «እንዲያውም ዛሬ ከዚህ ሰፈር ለመስረቅ በጣም የሚፈራው እሱ ነው» አለ።

«ፈርቶ የታመነ ሰው መቼ ድፍረት እንደሚያገኝ አይታወቅም» አለ ነጋዴው።

ወጣቱ አልተሸነፈም። በወንጀል ሕጉ «መሰየም» የሚባል ነገር እንዳለ ነገረን። በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ 5 ዓመት በመልካም ጠባይ ከኖረና ካሳውን እንደ አቅሙ ከከፈለ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት ጥፋቱ ከመዝገብ ይሰረዝለታል፤ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ በክፋት ተነሳስቶ «አንተ ሌባ» የሚለው ሰው ራሱ በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ እውነቴን ነው ብሎ መከራከርም አይችልም።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ እትዬ ከምድጃው አጠገብ ሆነው «አምስቱን ዓመት ምን ይብላ?» አሉ።

ወጣቱ ለዚህ አንቀጽ አላገኘም።

ሾፌሩ ወደ ራሱ መንገድ ወሰደን። ሸዋ ሮቢት የፌዴራል ማረሚያ ቤት አለ፤ እዚያ የሚታሰረው ሰው ከየአገሩ የመጣ ነው። «ስንቱን ጭኛለሁ» አለ። «አምና ጥር ላይ አንዱን መንገድ ዳር አገኘሁት። ካናቴራ ለብሶ፣ ፌስታል ይዞ ቆሟል። ሮቢት ሙቀት ነው፤ ማን ብርድ ያስባል? ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስንደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው እኮ! ከወንበሬ ኋላ ያለችውን ብርድ ልብስ ሰጠሁት። ወዴት ነህ ስለው አዲስ አበባ አለኝ። ማን ጋ ስለው ዝም አለኝ።»

«ይኼም የተጻፈ ነገር አለው» አለ ወጣቱ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ አለ፤ 27 ዓመት በታሰሩት በኔልሰን ማንዴላ ስም ይጠራል። የተፈታ ሰው በተቻለ መጠን መታወቂያ ይኑረው፣ የሚገባበት ቤትና የሚሠራው ሥራ ይኑረው፣ ለአየሩና ለወቅቱ የሚሆን ልብስ ይልበስ፣ ካሰበበት የሚያደርሰውና የመጀመሪያውን ሰሞን የሚያቆየው ገንዘብ ይያዝ ይላል። የኅብረተሰቡም ግዴታ እስረኛው ሲፈታ አያበቃም ይላል።

ስለ ልብሱ ሲናገር ሁላችንም ጋቢያችንን ሰብሰብ አደረግን። ኒውዮርክ የተቀመጠ ሰው የጣርማ በርን ብርድ እንዴት አሰበው?

«ጋቢማ እኔም እሰጠዋለሁ» አለ ነጋዴው። «የመጋዘኔን ቁልፍ ነው የማልሰጠው።»

ጡረታ የወጡት መምህር እስካሁን ቆሎ እየቆረጠሙ ያዳምጡ ነበር። ታሪክ ያስተማሩ ናቸው፤ ታሪክ ካላነሱ ጠላው አይወርድላቸውም። አንኮበር አጠገብ ጎንቾ የሚባል እስር ቤት ነበር አሉን። ሥልጣን እንዳይሻሙ የሸዋ ነገሥታት ዘመዶች ይታሰሩበት የነበረ ነው። የእንግሊዝ መልእክተኞች አንኮበር በነበሩበት ጊዜ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፈቷቸው። «ስለ ሰንሰለቱ የሚያወራ ሞልቷል» አሉ። «ከተፈቱ በኋላ በማግስቱ ምን ሠሩ ብሎ የጠየቀ ተማሪ ግን አላጋጠመኝም።»

ቀጥለው ወደ ነጋዴው ዞሩ። «አንተ፣ አምና ያንን ባላገር ስናስታርቅ አልነበርክም?»

«ነበርኩ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በድንበር ተጣልቶ ሰው የገደለ ገበሬ ነበር። ታስሮ ወጣ። ሽማግሌ ተሰየመ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ ቄስ መስቀል ይዘው ቆሙ፣ ማኅላ ተገባ፣ ደም ደረቀ። ከሟች ወንድም ጋር አንድ ማዕድ በላ። ዛሬ እርሻውን ያርሳል። ባለፈው ሠርግ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተናቸዋል።

«ነፍስ ያጠፋውን አስገብተህ ሱቅ የሰበረውን ደጅ ታስድራለህ?» አሉት።

«እሱ ደም ፍላት ነው» አለ ነጋዴው ሳያመነታ። «ተጣላ፣ መታ፣ ሞተ። ማንም ላይ ይደርሳል። ሌባ ግን አስቦ፣ ጨለማ ጠብቆ፣ የመበለት ሱቅ መርጦ ነው።»

ሳልወድ ራሴን ነቀነቅኩ። አገራችን በሙሉ በዚህ እንደሚያምን አውቃለሁ። እናቴም ታምንበት ነበር።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳና ባለሱቋ ገባች። እትዬ ዘንድ የተረሳ ጄሪካን ልትወስድ ነው የመጣችው። ሁላችንም ዝም። ጠላ ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

እትዬ መሸፋፈን አያውቁም። «ስለዚያ ልጅ ነው የሚጨቃጨቁት» አሏት። «እንቅጠረው አንቅጠረው እያሉ።»

«እኔን ሳትጠይቁ?» አለች። ቆማ ነው የምታወራው። «ይቅር ብዬዋለሁ። በሁዳዴ ንስሐ አባቴ ፊት ይቅር ብዬዋለሁ። ሱቄ ግን አይግባ። መንገድ ላይ ሳየው እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። ሌሊት ውሻ ሲጮህ እነሳለሁ። ይኼን እናንተ አታውቁትም።» ትንሽ ቆየችና «ሥራ ግን ይሥራ» አለች። «ሥራ ካልሠራ ገንዘቤን ከየት ያመጣል?»

ፍርድ ቤቱ ካሳ ወስኖላት ነበር። እናቱ በጎቿን ሸጣ ከፊሉን ከፍላለች። 18,000 ብር ይቀራል።

«ታዲያ ዱቤ ደብተርሽ ላይ ጻፊው!» አሉ እትዬ። ለቀልድ ነው የተናገሩት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ባለሱቋ አልሳቀችም። «እጽፈዋለሁ» አለች። «ብቻውን ግን እንዳይመጣ። ሰው ይዞ ይምጣ።» ጄሪካኗን ይዛ ወጣች።

እንግዲህ የኔን ልናገር።

ነጋዴው ስለ ራሱ ልጅ ያነሳው ነገር እውነት ነው፤ አንዳችንም አልመለስንለትም። ሌሊቱን ሳስበው ግን አንድ ነገር ታየኝ። የነጋዴው ልጅ ያጣው ሥራ ነው። ተያዥ አላጣም፤ አባቱ ነገ ጠዋት ይፈርምለታል። ያኛው ሁለቱንም አጥቷል። የአንዱ ፊርማ ከሌላው ላይ አይቀነስም።

መምህሩም ገዳይንና ሌባን ማወዳደራቸው ልክ ይመስለኛል፤ ምክንያታቸው ግን ጎድሏል። እኛ ገዳይን የምናስገባው ከሌባ ይልቅ ስለምንወደው አይደለም። መንገድ ስላለው ነው። ሽማግሌ አለው፣ የካሳ ልክ አለው፣ የሚማልበት ቀን አለው። ከዚያ ቀን በኋላ አለቀ ይባላል። ለሌባ ይህ ሁሉ የለውም። አለቀ የሚባልበት ቀን ስለሌለው ፍርድ ቤቱ 5 ዓመት ይላል፣ ሰፈሩ ዕድሜ ልክ ያደርገዋል። ሴትዮዋ «ሰው ይዞ ይምጣ» ስትል የጎደለውን ነው የነገረችን። ደም ለማድረቅ የምንሄደውን ያህል ለተሰበረ ሱቅ ማን ሄዶ ያውቃል?

ሱቋ እንዲገባ የሚያባብላት ሰው ካለ ግን አልስማማም። የተናወጠው የሷ እንቅልፍ ነው፤ በሯን የማስከፈት መብት የለንም።

ባለ እንጨት ቤቱንም አልኮንነውም። ድሪል ስንት እንደገባ ለሚያውቅ ሰው ተያዥ መጠየቅ ጭካኔ አይደለም። በማግስቱ አግኝቼው በቀን ሒሳብ አንድ ወር እንዲያሠራው ነገርኩት። መሣሪያ ማታ ማታ ይቆጠር፤ ግን የአራቱም ሠራተኞች ይቆጠር፣ የሱ ብቻ አይሁን። «የሌሎቹን ቆጥሬ አላውቅም» አለኝ። ጀምር አልኩት። በመጀመሪያው ቀን ሲቆጠር ሁለት መሮ ጎደለ። ልጁ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር።

አሁን ጠላ ቤት ያልተናገርኩትን ልናገር። ልጁ ተያዥ ሲፈልግ መጀመሪያ የመጣው እኔ ጋ ነው። ከአባቱ ጋር ጎረቤት ነበርን። ደጃፍ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ሚስቴን ላማክር» አልኩት። አላማከርኳትም። ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ በሁለተኛው ልጄን ልኬ የለም አስባልኩ። ያን ማታ እትዬ ቤት ጋቢ ተሸፍኜ ስለ ይቅርታ የሚወራውን ስሰማ ጠላው የመረረኝ ለዚህ ነው። ተያዥነቱን አሁንም አልፈረምኩም። ከወር በኋላ፣ መሣሪያው ተቆጥሮ ሲሟላ እፈርማለሁ ብዬ ለባለ እንጨት ቤቱ ቃል ሰጥቻለሁ። ይህም ቢሆን ትንሽ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ባለሱቋ ሄድን። መምህሩ፣ ሾፌሩና እኔ። ነጋዴው አልመጣም፤ ጋቢውን ግን ልኳል፤ ልጁ ለብሶት ነበር። ሱቁ ውስጥ አልገባም። እሱ ከደፉ ውጪ ቆመ፣ እኛ ከመካከል። ባለሱቋ ፊቱን ሳታይ ደብተሯን አወጣች። ስሙን ጻፈች፣ ከጎኑ 18,000 ብላ ጻፈች፣ በየወሩ ስንት እንደሚከፍል ጠየቀችው። 1,000 አለ። ጻፈች።

ገጹን ስትገልጥ ዓይኔ ወደ ላይኛው መስመር ሄደ። ከሱ ስም በላይ የኔ ስም አለ። የመስቀል ስኳርና ዘይት፣ ገና አልተከፈለም።