ዘጠኝ ክረምት የጠረግነው ቦይ

በሰፈራችን ዝቅተኛ ጫፍ፣ ከመኪና መንገዱ ሥር የሚያልፍ አንድ የጎርፍ ቦይ አለ። ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ፣ ዝናቡ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን አካፋና ዶማ ይዘን እየወረድን ጠርገነዋል። ደለሉን፣ የላስቲክ ጠርሙሱንና የተቀዳደደውን ከረጢት እናወጣለን፣ በጋሪ እናስጭናለን፣ ጭቃችንን ታጥበን ወደየቤታችን እንገባለን። ጎርፉ ግን በዘጠኙም ክረምት ከመግባት አልቀረም። በዘጠነኛው ዓመት ሥራውን ጨርሰን መሣሪያ ስንሰበስብ፣ ቤታቸው ከቦዩ አፋፍ ላይ ያለ አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው መረቁን፤ ከምርቃቱም አስከትለው «የዛሬ ዓመትም አትቅሩብኝ ልጆቼ» አሉን። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ውኃው የደረሰበት ልክ በቡናማ መስመር ተሰምሮ ይታያል፤ ከበላዩ ሌላ መስመር፣ ከዚያም በላይ ሌላ። ምርቃቱን ተቀብዬ ስሄድ ከአእምሮዬ ያልወጣው የእኚህ እናት እርግጠኝነት ነው። እኛ እንደምንመጣ እርግጠኛ የሆኑትን ያህል፣ ጎርፉም እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበሩ።

ለከተማው ምክር ቤት ለመወዳደር የወሰንኩት በዚያ ሰሞን ነው። ውሳኔዬን የሰሙ ብዙ ወዳጆቼ አዝነውብኛል፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በአንድ በኩል ለእነሱ መልስ ለመስጠት፣ በሌላ በኩል ደግሞ እንደ እኔ ለዓመታት በበጎ ፈቃድ ሲያገለግሉ ቆይተው ወደ ምርጫ ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች ሳይደባብቁ ሊያዩት ይገባል የምለውን አንድ ነገር ለመናገር ነው።

በመጀመሪያ ወደ ቦዩ ልመለስ። ከመካከላችን የሲቪል ምህንድስና ባለሙያ የሆነ አንድ ወጣት በዚያ ዓመት ወርዶ ከመንገዱ ሥር ያለውን ቱቦ ለካው። ያስረዳን ነገር ቀላል ነው። ቱቦው የተቀበረው ከላይ ያለው ተዳፋት ሣርና ዛፍ በነበረበት ዘመን ሲሆን፣ ያኔ ከሚዘንበው ውኃ ብዙው ወደ መሬት ይሰርግ ነበር። ዛሬ ተዳፋቱ በጣሪያ፣ በአስፋልትና በኮንክሪት ስለተሸፈነ፣ የሚሰርግበት አፈር ያጣው ውኃ በአንድ ጊዜ ተጠራቅሞ ይወርዳል። ያ ቱቦ አንድም ቆሻሻ ሳይኖርበት እንኳ ይህን ያህል ውኃ ማሳለፍ አይችልም። የቱቦው ዲያሜትር እጥፍ ቢሆን ግን፣ ተዳፋቱም የቱቦው ዓይነትም ሳይለወጥ፣ የሚያሳልፈው ውኃ ከስድስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ዘጠኝ ዓመት የደከምነው ድካም ከንቱ ነበር አልልም፤ ባንጠርገው ኖሮ ጎርፉ ቀድሞና በርትቶ ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ መንገድ ቆፍሮ ቱቦ መቀየር በአካፋና በቅን ልብ የሚሆን ሥራ አይደለም። መንገዱ የከተማው ነው፤ ቱቦው የሚቀየረው በካፒታል በጀቱ ውስጥ አንድ መስመር ሲገባለት፣ ያ መስመር በምክር ቤት ድምፅ ሲጸድቅና ጨረታ ሲወጣበት ነው።

ይህን ስረዳ እንደማንኛውም ዜጋ በጀቱ ለሕዝብ ውይይት በቀረበበት ቀን ሄድኩ። ለአንድ ተናጋሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነበር። ፎቶግራፉንም ልኬቱንም አቀረብኩ፤ ተደመጥኩ፣ ተመሰገንኩ፣ ተቀመጥኩ። ስብሰባው ሲበተን አንድ የምክር ቤት አባል በመተላለፊያው ላይ አቆሙኝና በቅንነት እንዲህ አሉኝ፦ «የሚሉት ልክ ነው፤ ነገር ግን ዘግይተው ነው የመጡት። የየመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ከወራት በፊት ተሰብስቧል፣ የበጀቱ ጣሪያ ተቆርጧል፣ ቋሚ ኮሚቴውም አይቶት ጨርሷል።» በዚያች መተላለፊያ ላይ የተማርኩትን ያህል በብዙ ሥልጠና አልተማርኩም። በጎ ፈቃደኛ ዘወትር የሚደርሰው ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው፦ ጎርፉ ከገባ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ከቀረ፣ መብራቱ ከጠፋ፣ በጀቱም ከተዘጋ በኋላ።

ይህ የእኛ ከተማ ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ የሰፈር ማኅበራት በከተማው በጀት ላይ ነዋሪው ቀድሞ ይወስን ብለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ውስጥ አጥብቀው ጠይቀው ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚታወቀው አሳታፊ የበጀት አሠራር ሥራ ላይ የዋለው ግን እ.ኤ.አ. በ1988 በተደረገው ምርጫ አዲስ አስተዳደር ተመርጦ በ1989 ሥልጣኑን ሲረከብ ነው። በዚያ አሠራር ነዋሪዎች በየቀጠናው ተሰብስበው የውኃ መስመር ይቅደም ወይስ መንገድ የሚለውን የሚነጋገሩት ረቂቁ ከመዘጋጀቱ በፊት ነበር። ሐሳቡ ከሰፈር ሰዎች ቢወጣም፣ አሠራር እስኪሆን ድረስ የምርጫ ኮሮጆ ማለፍ ነበረበት።

ማን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ የሚለው ጥያቄም የትኛው ቧንቧ ተዘረጋ የሚለውን ይለውጣል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ባጸደቀችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከገጠር ምክር ቤቶች መቀመጫና ሊቀመንበርነት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲጠበቅ ደነገገች። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና ኤስተር ዱፍሎ በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሊቀመንበርነቱ በዕጣ ለሴት በተጠበቀባቸው መንደሮች ምክር ቤቱ ለመጠጥ ውኃ የበለጠ ገንዘብ እንደሚያወጣ አሳይተዋል። እንስራ የተሸከመ ትከሻ በጀት ሲያነብ ዓይኑ የሚያርፈው ሌላ መስመር ላይ ነው። በጎ ፈቃደኛም ወደ ምክር ቤት ይዞት የሚገባው ትልቁ ሀብት ይህ ይመስለኛል፦ የየትኛው ቤት ግድግዳ ላይ ውኃው የት እንደደረሰ ማወቁ።

ወዳጆቼ ግን «እስካሁን ሁሉም ሰው ያምንሃል፤ ከተወዳደርክ ግማሹ ይጠራጠርሃል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አክብሮትና ድምፅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በሕይወቷ አይታዋለች። ዛፍ የሚተክለውን የግሪን ቤልት ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ1977 መሥርታ፣ በ1989 ደግሞ በናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ሊቆም የነበረውን ባለ ስድሳ ፎቅ ሕንፃ ተቃውማ ፓርኩን ያተረፈች ሴት ናት። ያም ሆኖ በ1997 ለፕሬዚዳንትነትም ለፓርላማ መቀመጫም ተወዳድራ በሁለቱም ተሸንፋለች። ፓርላማ የገባችው በ2002 ነው፤ ያን ጊዜ ግን በአካባቢዋ ከተሰጠው ድምፅ 98 በመቶውን አግኝታ። ሃያ ዓመት ዛፍ መትከል ለ1997ቱ ምርጫ ዋስትና አልሆናትም፤ መራጩም ስላልመረጣት ውለታ ቢስ አልነበረም። የሚያመዛዝነው ሌላ ነገር ነበረው።

ልናገር ያሰብኩት አንዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለዕጩነት የሚጠቅም እውቀት ይሰጣል፤ እንደ ብድር ሊቆጠርና በምርጫ ቀን ሊጠየቅ ግን አይገባውም። ይህን የምለው ፈተናው በእኔም ላይ ስለደረሰ ነው። በመጀመሪያው የቅስቀሳ ሳምንት አንድ ቅን የሆነ ልጅ፣ ማኅበራችን ድጋፍ የሚያደርግላቸውን ቤተሰቦች መዝገብ ይዞ መጣና «ከእነዚህ ብንጀምርስ» አለኝ። ደብተሩን አውቀዋለሁ፤ ብዙው በእጄ የተጻፈ ነው። ማን ሥራ እንዳጣ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ከቤት እንደወጣ ተጽፎበታል። ሰዎቹ ያን የነገሩን ጎረቤት ነን ብለን በራቸውን ስላንኳኳን ነው። በዚያው ደብተር ተመርቶ ድምፅ ለመጠየቅ በራቸውን ማንኳኳት ማለት፣ ድሮም የመጣነው ለዚህ ነበር ብሎ እንደ መመስከር ነው። መዝገቡን፣ የመጋዘኑን ቁልፍና የማኅበሩን የባንክ ፈራሚነት በማግስቱ አስረክቤ በቃለ ጉባኤ አስፈርሜያለሁ። ዕጩነቴን ከማስመዝገቤ በፊት ማድረግ ነበረብኝ፤ በመዘግየቴም እቆጫለሁ። ለመወዳደር የሚያስብ የማኅበር መሪ ሁሉ ከዚህ ይጀምር እላለሁ።

የጎደለንንም መደበቅ አይገባም። በጎ ፈቃደኛ የለመደው ከሚስማማው ሰው ጋር መሥራት ነው፤ ያልተስማማ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀራል። ምክር ቤት ውስጥ ግን ያልተስማማው ሰው የትም አይሄድም፤ የሚቀጥለውም ስብሰባ ላይ ድምፁን ይዞ ይጠብቃል። አሥራ አንድ አባላት ባሉበት ምክር ቤት ስድስተኛውን ድምፅ ያላገኘ ሐሳብ፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ በቃለ ጉባኤ ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። ከዚህም የሚከብደው እምቢ ማለት ነው። በአገልግሎት ዘመኔ ለተቸገረ ሰው «የቻልነውን እናደርጋለን» ስል ኖሬያለሁ። የምክር ቤት አባል ግን ገንዘቡ ለሁለት ቦይ ስለማይበቃ የአንዱን ሰፈር ሰዎች ፊት ለፊት እያየ «የእናንተ ዘንድሮ አይሠራም» ማለትና ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ይህን እችላለሁ ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ሌሊት ጠይቄያለሁ። መራጩም ሊጠይቀኝ የሚገባው ስንት ዓመት እንዳገለገልኩ ሳይሆን፣ የራሴ ሰፈር ጥያቄ የሌላውን ሰፈር የባሰ ችግር በሚሻማበት ቀን ድምፄን ለማን እንደምሰጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለቅስቀሳ ስዞር የእኚያን እናት በር አንኳኳሁ። አካፋ ሳልይዝ ስላዩኝ መጀመሪያ አላወቁኝም። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። «ድምፄን ለማን እንደምሰጥ ገና አልወሰንኩም ልጄ፤ ይልቅ ቱቦው መቼ ነው የሚቀየረው?» አሉኝ። ብመረጥ የመጀመሪያው ዓመት በጀት እኔ ከመግባቴ በፊት ተረቅቆ እንደሚጠብቀኝ፣ ስለዚህ ጥያቄውን በጊዜው ማስገባት የምችለው ለሁለተኛው ዓመት እንደሆነ፣ ያም ቢሆን የሌሎች አባላት ድምፅ እንደሚያስፈልገው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ በላይኛው ቡናማ መስመርና በመስኮቱ ደፍ መካከል የቀረውን ስፋት በእጃቸው ለክተው አሳዩኝ። ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም።