የምታደክሙ አጽናኞች አትሁኑ

ወገኖቼ፣ ክርስቲያን ነን የምትሉ ሁሉ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። ኦርቶዶክስም ሁኑ ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ፣ ነገሩ ሁላችንንም ይነካል። መከራ የወደቀበት ሰው ፊት የምንናገረው ነገር ከፍቷል። ልጇን የቀበረች እናት ደረቷን ስትደቃ «አታልቅሺ፣ እምነት የለሽም እንዴ?» ትባላለች። ካንሰር የያዘው ሰው «ንስሐ ግባ፣ የሠራኸው ነገር ሳይኖር አይቀርም» ይባላል። ልጅ ያልወለደች ሴት ምን በድላ ይሆን እየተባለ በየጓዳው ትታማለች። ከዓረብ አገር ጤናዋን አጥታ የተመለሰች ልጅ «ማን ሂጂ አለሽ?» ትባላለች። ይህን ሁሉ የምንናገረው ደግሞ በእግዚአብሔር ስም ነው። ተዉ እንጂ!

እስቲ መጽሐፈ ኢዮብን ከፍታችሁ አንብቡ። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የወዳጃቸውን መከራ ሰምተው ከየአገራቸው ሲመጡ መልካም ሰዎች ነበሩ። አለቀሱ፣ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ ትቢያ በራሳቸው ላይ ነሰነሱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ደራሽ ዛሬ የት ይገኛል? ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን አለ አሉት። ዐሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ላጣ አባት፣ ልጆችህ በድለው ይሆናል አሉት! ኢዮብም «እናንተ ሁላችሁ የምታደክሙ አጽናኞች ናችሁ» አላቸው። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በማን ላይ ነበር? ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሟል፣ «ለምን?» እያለ ከፈጣሪው ጋር ተሟግቷል፤ ሆኖም ስለ እኔ ቅን ነገር ተናገረ ተባለለት። ቁጣው የነደደው ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ በመሰላቸው በሦስቱ ላይ ነው። ይቅር እንዲባሉም ያ የወቀሱት ሰው እንዲጸልይላቸው ወደ እርሱ ተላኩ።

ጌታችንም በዘመኑ ይኸው ጥያቄ ቀርቦለታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ቢሉት፣ የማንም አይደለም አላቸው። በሰሊሆም ግንብ ተንዶ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎችም፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች የነበሩ ይመስላችኋልን ብሎ ጠየቀ፤ አይደለም አለ። ከዚህ በላይ ግልጽ ቃል ከየት ይምጣልን?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን አስታውሱ። ከባድ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። የአካባቢው ሰው እርዳታ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። እየቆፈሩ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ጎረቤታቸውን ሊያወጡ የመጡ ነበሩ። በእነዚህ ሰዎች ላይ «የኃጢአት ደመወዝ ነው» የሚል አፍ ካለ ይዘጋ። እዚያ ጭቃ ውስጥ የተገኙት ወንድማቸውን ስለ ወደዱ ነው። ሁለተኛው ናዳ ለምን ጥቂት ሰዓት አልዘገየም ብላ የምትጠይቅ እናት ብትኖር፣ የሚመልስላት ካህንም ሰባኪም የለም፤ አለኝ የሚል ቢመጣ አትስሙት። እኔ የማምነው ግን ይህን ነው፦ ክርስቶስ መከራችንን ከሩቅ ሆኖ አላስረዳንም፤ ራሱ ገባበት፣ ሞቶም ተቀበረ። ስለዚህ ወደ ናዳው የሮጡት ሰዎች እርሱ በሄደበት መንገድ ሄደዋል። በሦስተኛው ቀን መነሣቱን ካመንን ደግሞ ጭቃው የነገራቸው መጨረሻ አይደለም። ተስፋችን ይህ ነው፤ ሌላ የለንም።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የወንጌላዊቷ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ፣ በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተገኝቶላቸው ነበር። በዚህ ክፉ ቀን መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም በእስር ሳሉ ተገደሉ። በሃይማኖት ስንነታረክ የሁለቱ ገዳይ አንድ እንደ ነበር ብናስብ ደግ ነው። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። አፅማቸው ከተጣለበት ወጥቶ በክብር ዐረፈ። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ተብሎ እዚያው አልተተወም።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሰው በሰው ላይ ያደረሰውን ግፍ በፈጣሪ ፈቃድ የምንሸፍን ብዙዎች ነን። በሰሜኑ ጦርነት የተደፈሩ እኅቶቻችንን «ለእግዚአብሔር ስጪው» ብሎ ዝም ማሰኘት ማጽናናት አይደለም። ለእግዚአብሔር መስጠትስ የሚቻለው መጀመሪያ ሰው ሰምቶ ሲያምናት ነው። ደግሞም እንባችንን በዘር መዝነን የምናፈስስ ሆነናል፤ የወገናችንን ሙት በስም እየጠራን ስናለቅስ የሌላውን ሙት «እጁን ነው ያገኘው» እንላለን። ስቅለት በመጣ ቁጥር እየወደቅን እየተነሣን የምንሰግድለት ጌታ ለሰቀሉት ይቅርታ የለመነ ነው። ምን ብለን ነው ፊቱ የምንቆመው?

ቤተ ክርስቲያን እኮ አስተምራናለች። በሰሙነ ሕማማት መስቀል አንሳለምም፣ እንደ ወትሮው ሰላምታ አንለዋወጥም፤ ግብረ ሕማማቱ እየተነበበ ሳምንቱን ሙሉ ኀዘን ላይ እንቆያለን። ሰኞ ዕለት ተነሥቶ «ለምን ታዝናላችሁ፣ እሑድ ይነሣ የለም እንዴ?» የሚል ሰው አላየንም። ለጌታችን ሕማም ይህን ያህል ጊዜ የምንሰጥ ሰዎች፣ ባሏ የሞተባትን ሴት ሠልስቱ ሳያልፍ «በቃሽ» የምንላት ለምንድን ነው? እመቤታችን ከመስቀሉ ሥር ስትቆም አንዲት ቃል እንደ ተናገረች አልተጻፈም። ቆማ ነበር፤ አልሸሸችም።

«ሁሉም ለበጎ ነው» የምትለዋ ቃልም በቦታዋ ትሁን። ዮሴፍ ለወንድሞቹ «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ያላቸው እውነት ነው። ግን ማን ተናገረው? መቼስ ተናገረው? በ17 ዓመቱ የተሸጠው ራሱ ነው የተናገረው፤ ያውም አባቱን ከቀበረ በኋላ፣ ወንድሞቹ እግሩ ሥር ወድቀው ሳሉ። ጕድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «ለበጎ ነው» ያለው ሰው ቢኖር ኖሮ ከሻጮቹ በምን ይለያል? የመከራን ትርጉም የመናገር መብት የባለ መከራው ነው። ዕድሜ ልኩን ባይናገረውም አንፍረድበት። ሐዋርያው ጳውሎስ በመከራው ያገኘው መጽናናት ሌላውን ለማጽናናት እንደሚሆን ጽፏል፤ ልጅ የቀበረች ሴት ሌላዋ ለቅሶ ቤት ገብታ ስትቀመጥ፣ ከእኛ መቶ ጥቅስ የእርሷ መምጣት የሚበልጠው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱን ጥሎ በጠበል ወይም በጸሎት ብቻ እንዲድን በሽተኛ የምትመክሩም ታቀቡ። በጊዜው የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናግረዋል። ሰው ሲሞትባችሁ «እምነቱ ጎደለ» ብላችሁ የምታመልጡበት በር የለም።

አሁን ደግሞ እናንተ በመከራ ውስጥ ያላችሁ፣ የምነግራችሁ ጥቂት ነው። ማልቀስ ክህደት አይደለም። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው የዳዊት መዝሙር ነው፣ «አምላኬ አምላኬ ስለ ምን ተውኸኝ?» የሚለውም የጌታ ጩኸት ነው፤ ስለዚህ ጩኹ። ከሞት የተነሣው ክርስቶስ ለቶማስ ያሳየው የችንካሩን ቦታ ነው፤ ቁስላችሁን እንድትደብቁ አይፈልግም። ጸሎት ያቃታችሁ ቀን ደግሞ በቅፍርናሆም የነበረውን ሽባ አስቡ። አራት ሰዎች ተሸክመውት መጥተው ጣራ ነደሉለት፤ ጌታም የተሸካሚዎቹን እምነት አይቶ ነው ለሽባው የተናገረው። የንስሐ አባታችሁን ጥሩ፣ ጎረቤት ጥሩ፣ የምታምኑትን ወዳጅ ጥሩና «እኔ አቅቶኛል፣ እናንተ ጸልዩልኝ» በሉ። የተጠራችሁትም ቶሎ ሂዱ፤ ከደረሳችሁ በኋላ ለምን እንዳቃተው አትጠይቁት።